የገና ሜዳ በር

በርገን፣ ኖርዌይ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ወንዳፈራሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ፅዮንስ? ያ የሚያስቸግርዎ ጉልበት የኅዳርን ብርድ እንዴት ተቀበለው? እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጻፍ ሲያስተምሩን «ከናፍቆት በስተቀር» የምትለዋን ሁላችንም ሳናስብባት ነበር የምንጽፋት። አሁን እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ስለዚህ ዘልያታለሁ፤ እርስዎ እንዳለች ይቁጠሩልኝ።

መስታወት በፎቶ ኮፒ ቤቷ ፎቶ አንሥታ የላከችልኝ የእጅ ጽሑፍዎ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሁለት ነገር ጠይቀውኛል፤ ከቀላሉ ልጀምር።

«ገናን በኮምፒውተር ውስጥ መጫወት ምን ማለት ነው፣ ሰው አለቀ እንዴ?» ብለዋል። ሰው አላለቀም፤ ተበተነ እንጂ። አንዷለም የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ፣ የዓለም ከተማ ተወላጅ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሜዳ ይሠራል። ቨርቹዋል ዓለም ይሉታል። ሜዳው በምድር ላይ የትም የለም፤ ግን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያለው ሰው ከያለበት ይገባበታል። ሲገባ በእሱ ፈንታ አንድ ምስል ይቆምለታል፤ ምስሉን ያራምደዋል፣ ያስጨፍረዋል፣ በምስሉ አፍ ይናገራል። ታኅሣሥ 29፣ በልደት ቀን፣ በእናንተ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ በዚያ ሜዳ ላይ በቀጥታ እዘፍናለሁ፤ ከበርገን፣ ከዚህች አንድ ክፍል ቤቴ ሆኜ። ሜዳው የእኛ የገና ሜዳ እንዲሆን ነው የፈለግሁት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፍሎ፣ ኳሷ ሩር በዱላ እየተመታች፣ ስድቡ በግጥም እየተወረወረ።

ስለዚህ ግጥም እፈልጋለሁ። እርስዎ ታች ቤት አግብተው ከወረዱ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የታች ቤት ግጥም አውራጅ ነበሩ። የላይ ቤቱ አውራጅ ማን እንደነበረ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለ እሳቸው ነው። «አባትሽን እስከ መቼ?» ብለዋል።

ጋሼ፣ እማዬ ያረፈችው በሰኔ 2013 ነው። እኔ የሰማሁት በመጋቢት ነው፤ ያውም አንድ የሞላሌ ሰው ኦስሎ ላይ አግኝቶኝ፣ የሰማሁ መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» ሲለኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ስደውል አባባ ምን ይሉኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? «እናትሽ ገበያ ወጥታለች።» በሚቀጥለውም እሑድ «ገበያ ናት።» መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ብቻውን ያለን ሰው እንደማያረዱት አውቃለሁ፤ የአገሬ ልጅ ነኝ። ግን ዘጠኝ ወር ብዙ ነው። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንድ ሰው ሲያርፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለልጁ ይደወላል። ብዙ ጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። የሰው ልጅ በስልክ ሲያለቅስ እየሰማሁ እቀናለሁ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያን ቀን ለአባባ በስልክ የተናገርኩትን አጠገባቸው ተቀምጠው ሰምተዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ሸዋረግ የት ናት ለሚላችሁ፣ ገበያ ወጥታለች በሉ» ነው ያልኩት። ይኸው ገበያ ከወጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይቅርታ እንዲሉኝ አይደለም የምፈልገው፤ አባት ልጁን ይቅርታ አይልም። እማዬ እንዴት እንዳረፈች እሳቸው ራሳቸው፣ በገዛ አፋቸው እንዲነግሩኝ ነው። መርዶዬን ነው የምፈልገው። እስከ ዛሬ ማንም አላረዳኝም።

እርስዎ ግን አንድ ነገር ይማሉልኝ፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይደብቁኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሸዋረግ


መሐል ሜዳ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ገበያ ለወጣችው ለሸዋረግ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ፅዮን ደህና ናት፤ «ያቺ ልጅ ምን ትበላ ይሆን?» ትላለች፤ መልሱን እስክትጽፊላት እኔን ትጨቀጭቀኛለች። ጉልበቴን ጠይቀሻል። ጉልበቴ ደህና ነው፤ የሚያስቸግረው ልነሣ ስል ብቻ ነው።

ማል ያልሽኝን ምያለሁ። በጾም መማል ደስ አይለኝም፤ ግን ሚካኤልን ብያለሁ።

የበግ ጠጉር ባና ልሸጥ በወጣሁበት ቀን መስታወት ያንን ሜዳ በኮምፒውተሯ አሳየችኝ። ያ አንዷለም የምትይው ልጅ ቆላ ማደጉ ያስታውቃል። ሣሩ እንደ ነሐሴ አረንጓዴ ነው። የእኛ ሜዳ በገና ቢጫ ነው፤ ጠዋት አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል። ዳር ላይ የተከለው ዛፍ ምንድን ነው ብዬ መስታወትን ብጠይቃት ዘንባባ ነው አለችኝ። ዘንባባውን ነቅሎ የደጋችንን ጅብራ ይትከልበት። ተጫዋቾቹን ቁምጣ አልብሷቸዋል፤ ጠላቶቹ ካልሆኑ በርኖስ ይደርብላቸው። ሩሯም ተልቃለች፤ የሰው ጡጫ ብታህል ይበቃታል።

ግጥሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ፤ አሥራ አራት ነው። አንዷን ግን እዚህ ልጻፍልሽ፣ ታሪክ ስላላት። አንድ ዓመት አባትሽን እንዲህ አልኩት፦

የላይ ቤት ጎበዝ ሩሯ ስትመጣ፣
ጥጃ ጠፋኝ ብሎ ከሜዳው ወጣ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አባትሽ ዱላውን ተደግፎ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፦

ጥጃዬን አገኘኋት ታች ቤት ታስራ፣
አውራጅ አጥተው እሷ ስታወርድ በተራ።

ጥጃዋ እኔ መሆኔ ነው። እስከ ጥምቀት ድረስ የታች ቤት ልጆች እንደ ጥጃ እየጮኹ አስቸገሩኝ። አልተቆጣሁም። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም፤ ይህ ሕግ ነው። ሜዳ ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሲመሽ ከአንድ መሶብ ይበላል። እናትሽ ያን ማታ ለሁለታችንም ጠላ ስትቀዳ «ለጥጃው ብዙ አትስጡት» እያለች ነበር።

አባትሽን የላይ ቤት ግጥም ስጠኝ አልኩት። ለማን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ጅል አይደለም። «ሩቅ ያለ ሰው ስድብ ይሰማል?» አለኝ። ግጥም አልሰጠኝም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ አላወረደም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይለኛል። ዝንቡስ አልገባም፣ እህሉም እምብዛም አልገባ። ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ይህን የምለው ለሁለታችሁም ነው።

በዕለቱ ጥሪ ትልኪለታለሽ ወይ? ይህን መልሽልኝ።

አጎትሽ
ወንዳፈራሁ


በርገን
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ወንዳፈራሁ፣

ለእትዬ ፅዮን አሣ እበላለሁ ይበሉልኝ፤ በጾምም በፍስክም አሣ። ካዘኑልኝ ትንሽ በሶ ይላኩልኝ።

ዘንባባው ተነቅሏል። አንዷለም ደብዳቤዎን ሳነብለት መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቆይቶ ሳቀ፤ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ ሜዳውን አበጀው። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ጅብራ ተተከለ፤ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ተካበለት፤ ሰው የሚገባበት አንድ በር ተተወለት። ከዚያ «አመዳዩ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ አላስታወስኩትም። በዚያ አመዳይ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተራምጄ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፤ ቀለሙ ጠፋኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጋሼ፣ አገር እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው ከሰው የሚወጣው። አንድ ጠዋት ወጥተው አይተው ይጻፉልኝ።

ልምምዱ አስቸጋሪ ነው። ማሲንቆ የሚመታልኝና የሚቀበሉኝ ልጆች አዲስ አበባ ናቸው። ድምፄ እዚያ ሲደርስ፣ የእነሱም ወደ እኔ ሲመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ለሰሚው ተስተካክሎ ነው የሚደርሰው ይለኛል አንዷለም፤ እኔ ግን አውርጄ ስጨርስ ተቀባይ የለም፤ ዝም ነው። ከዚያ ይመጣሉ። «ያቺን ዝምታ መልመድ አለብሽ» አለኝ። የለመድኳት ነገር ናት አልኩት።

ጥሪውን በተመለከተ፣ አልልክም። የሜዳውን አድራሻ ለመስታወት ልኬያለሁ፤ በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ አባባ ከፈለጉ ሜዳውን ያውቁታል። አራት ዓመት ስልክ ስጠብቅ የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ቀድሜ የምጠራው ደግሞ እኔ መሆን የለብኝም። ትዕቢት ነው ካሉኝ እሺ ነው፤ ከማን እንደወረስኩትም ያውቁታል።

አንድ ግጥም ግን አለኝ፤ ራሴ የገጠምኩት። በታች ቤት በኩል ቆሜ ለላይ ቤቱ አውራጅ የምወረውረው ነው፦

የላይ ቤቱ አውራጅ ምን ያዘው ዘንድሮ፣
ቃሉን እንደ ገብስ በጎታ ውስጥ ቀብሮ?

ይህን ብዬ ሁለት ትንፋሽ ዝም እላለሁ። መልስ ያለው እንዲመልስ።

ሊያነቡላቸው ከፈለጉ አልከለክልዎትም። ካነበቡላቸው ያሉትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ይመጡም እንደሆነ።

ሸዋረግ


መሐል ሜዳ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋረግ፣

ስለ መዘግየቴ አትቀየሚኝ። ኔትወርክ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይህን ደብዳቤ መሳፍንት ሹፌሩ በሚኒባሱ ደብረ ብርሃን ይዞት ይወርዳል፤ ከዚያ የመስታወት እኅት ትልክልሻለች። መስታወት ለበዓሉ ይመለሳል ትላለች፤ እኔ እግዜር ያውቃል እላለሁ።

አመዳዩን ጠዋት ወጥቼ አየሁልሽ። ፀሐይ ሲነካው መጀመሪያ እንደ አዲስ ሳንቲም ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀይ ያደላል፤ ከዚያ ውኃ ነው። ፅዮን በመስኮት አይታኝ «ሰውዬው ምን ጠፍቶት ነው ሣር ላይ ያጎነበሰው?» ብላለች።

ግጥምሽን አነበብኩለት። ገብስ እያበራየ ነበር፤ መንሹን ይዞ ቆሞ ሰማኝ። ከአውድማው ዞር አለ፤ ቆይቶ ተመለሰና «ቀብሮ ማለቷ መልካም አይደለም» አለ። ሥራውን ቀጠለ። ደግሞ ቆም ብሎ «ግጥሙ ግን የእኔ ልጅ ነው» አለ።

ይመጣል ወይ ላልሽው፣ አልመጣም ብሎኛል። «ወደ በዓል በጥሪ ነው የሚኬደው» ነው ያለኝ። ትላንት ግን ጢሙን ተላጨ። ጾም ሳይፈታ ጢሙን ሲላጭ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ምያለሁና ያየሁትን ጻፍኩልሽ።

እኔ ግን እመጣለሁ። ምን ልልበስ ብላት መስታወት ሳቀችብኝ። ልብሱ እዚያ ውስጥ ነው የሚመረጠው አለችኝ፤ እንዲህ ያለ በዓል ድሮ ቢኖር ለልብስ የሸጥኩት ስንት በግ በቀረልኝ።

ወንዳፈራሁ


በርገን
ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ወንዳፈራሁ፣

እንኳን አደረሰዎ። እንዴት ነበር፣ ደስ አለሽ ወይ ብለው በመስታወት በኩል አጭር መልእክት ልከዋል። እውነቱን እነግርዎታለሁ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ገባ። ከሜልቦርንም፣ ከጁባም፣ ከራቤልም። አንዲት የግሼ ሴት በምስሏ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሣሩን ስትዳብስ አየኋት። የእርስዎንም ምስል ያወቅሁት ወዲያው ነው፤ ጎፈሬ ያለው የሃያ ዓመት ጎረምሳ መርጠው፣ ካቡን ጥሰው፣ በጅብራው መሐል አልፈው ሲጨፍሩ። እየዘፈንኩ ስቄ መሥመር ሳትኩ። የላኩልኝን አሥራ አራቱንም ግጥም አወረድኩ፤ ጥጃዋ ላይ ስደርስ ሰዉ ሁሉ እንደ ጥጃ ጮኸ።

ከዚያ የእኔን ግጥም አልኩ። ሁለት ትንፋሽ ዝም አልኩ። ማሲንቆው እየጠበቀኝ ሁለቱን ወደ አራት ጎተትኩት። መልስ አልመጣም።

በሩ ላይ ሌላ ችግር ነበር። አንድ ምስል ቆሞ ቀረ። ስም አላወጣም፤ ከራሱ በላይ «እንግዳ 31» ይላል፤ ልብስ ላልመረጠ ሰው የሚሰጠውን ግራጫ ልብስ ለብሷል። ከመጀመሪያው ዘፈን አንሥቶ አልገባ፣ አልወጣ። ሰው በላዩ እያለፈ ይገባል። ልክ እኔ መልስ በምጠብቅባት ሰዓት አንዷለም በጆሮዬ «አንዱ በሩ ላይ ተጣብቋል፤ ኔትወርክ ተበላሽቶበት ይሆናል፤ ሜዳውን እያንቀራፈፈብን ነው፤ ላስወጣው?» አለኝ። ተናድጄ ነበር ጋሼ። በዝምታው ተናድጄ ነበር። አስወጣው አልኩት፤ እሱም አስወጣው።

ወዲያው እርስዎም ጠፉ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዘፈኖች አልሰሙልኝም። ኔትወርክ ሄዶ ነው? ወይስ ጉልበትዎ? ምን እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ስጨርስ ያጨበጨበልኝ ሕዝብ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ያንን ጎፈሬ ነበር የሚፈልገው።

አባባ አልመጡም። ይሁን። ቢያንስ አወቅሁት፤ ከእንግዲህ አልጠብቅም።

ሸዋረግ


መሐል ሜዳ
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋረግ፣

ሁለት ቀን ብዕር እያነሣሁ አስቀመጥኩ። አትጻፍ ተብያለሁ። ላንቺ ግን ምያለሁ፤ ለእሱ አልማልኩም።

እንግዳ ሠላሳ አንድ አባትሽ ነው።

በልደት ዕለት ከቅዳሴ መልስ ጾም ፈትተን፣ ከቀትር በኋላ እኔ ወደ መስታወት ቤት ሳመራ ከኋላዬ መጣ። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አልጠየቅሁት። ነጭ ለብሶ፣ ያንን የጥንት የገና ዱላውን ይዞ። ዱላውን በጭኑ አስደግፎ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። መስታወት ለእኔ አንዱን፣ ለእሱ አንዱን ከፈተችልን። እኔ ባለጌ ስለሆንኩ ሳልጠራ ዘው ብዬ ገባሁ። እሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ አስፋው፣ ይቺን ሲጫኑ ይገባሉ» አለችው።

«የቤቱ ባለቤት ግቡ ሳይለኝ?» አላት።

በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉም እየገባ ነው ብትለው አልሰማትም። እጇን ሰዳ ልትጫንለት ስትል ያዛት። «ልጄ ታየኛለች። ስታየኝ ግቡ ትላለች» አለ።

እዚያው ቆሞ ዘፈንሽን ሁሉ ሰማ። ጥጃዋ ላይ ስትደርሺ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኑ ነው። ያንቺን ግጥም ስትይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መልስ ነበረው ልጄ። ግን አውራጅ ከደጅ ሆኖ አይመልስም፤ ሜዳ ገብቶ ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። «አሁን ታየኛለች» አለ። ያን ጊዜ ፊቱ ያለው የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቆረና በእንግሊዝኛ ተጻፈበት። ምን ይላል አላት። መስታወት ያልሰማች መስላ የኮምፒውተሩን ገመድ ነካካች። ደግሞ ሲጠይቃት «አስወጥተውዎታል» አለችው።

ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። እኔም ጭፈራዬን ጥዬ ተከተልኩት። እስከ ወንዙ ድረስ ከኋላው ሄድኩ። ስንሻገር እጄን ሰጠሁት፤ ለወትሮው የማይቀበለውን እጄን ያዘና «ገና ነው። በገና አይቆጡም» አለኝ። ትንሽ ሄደን ግጥሙን ነገረኝ፦

ቃሌን አልቀበርኩም፣ ቆሜ ነው ከበር፣
ግባ የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር።

«አትጻፍላት፤ ታዝናለች» አለ። አልተቆጣም፤ ሕጉን ያከብራል። ግን ገናው አለፈ፣ ዱላው ተሰቀለ፤ እሱ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ከምድጃው ዳር ነው። አላወቅሽም፤ ያላወቀ አይኮነንም። አሁን ግን አውቀሻል።

አጎትሽ
ወንዳፈራሁ


በርገን
ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን መስታወት ታነብልዎታለች።

ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ። እንግዳ መስሎኝ ነው። በራፌ ላይ የቆመን ሰው ማን ነህ ሳልል ማስወጣቴ ብቻውን ያሳፍረኛል፤ እማዬ እንዲህ አላሳደገችኝም። እርስዎ መሆንዎን ካወቅሁ ወዲህ ደግሞ ሥራ ቦታ በራፍ ላይ የቆመውን ሁሉ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

እኔ አራት ዓመት የሚጠራኝ ሰው ስጠብቅ እርስዎም የሚጠራዎትን ሲጠብቁ ነበር። ሁለታችንም ደጅ ነው የቆምነው።

ጥር 13፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ በእናንተ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ዘፈን የለም፣ ሕዝብ የለም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ያኔም እለዋለሁ፣ አሁንም እጽፈዋለሁ።

ይግቡ አባባ።

ልጅዎ
ሸዋረግ


በርገን
ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ወንዳፈራሁ፣

«እኔንም መስታወትንም ከገዛ ቤቷ አስወጥቶ በሩን ዘጋብን፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ምን ተባባላችሁ?» ብለው ጠይቀውኛል። ብርድ ላይ ስላቆማችሁ መስታወትን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እርስዎ እንኳ በመስኮት ሲያዩ እንደነበር አባባ ነግረውኛል።

ምስላቸው በሩ ላይ እንደታየ «ይግቡ» አልኩ። ድምፄ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ነግሬዎታለሁ። ያቺን ግማሽ ሰከንድ እስክሞት አልረሳትም። ከዚያ ተራመዱ። ሁለት ጊዜ ከካቡ ጋር ተላተሙ፤ ሦስተኛው ላይ ገቡ። አሁንም ያንኑ ግራጫ ልብስ ለብሰው፣ ከራሳቸው በላይ «የሸዋረግ አባት» ይላል። ይህን ያጻፈችው መስታወት ናት መሰለኝ፤ እግዜር ይስጣት።

ሜዳውን ዞረው አዩ። «ጅብራው ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው «ቁጭ በይ» አሉኝ። ምስሌን ላስቀምጥ ስል «አንቺን ነው» አሉኝ። ከወንበሬ ወርጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉ።

የለም አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ አለሁ» አሉ። ከዚያ አረዱኝ።

ጋሼ፣ ሁሉንም አልጽፍልዎትም፤ የእኔ ነው። አንዱን ግን እርስዎም ማወቅ አለብዎት፤ እስከ ዛሬ አያውቁትምና። «ገበያ ወጥታለች» የአባባ ቃል አልነበረም። እማዬ ናት እንዲህ ያለችው። በመጨረሻው ቀን፣ መናገር እያቃታት፣ እጃቸውን ይዛ «ልጄ ብቻዋን ናት። አጠገቧ ሰው ሳይኖር እንዳትሰማ። እስከዚያ ስትደውል ገበያ ናት በላት» ብላ አስምላቸዋለች። ዘጠኝ ወር አገሩን አስሰው ወደ እኔ የሚልኩት ሰው አጡ። ሰው እስኪገኝ መሐላቸውን ጠበቁ።

እኔ ያንን ሁሉ ስናገራቸው «እናትሽ ናት ያዘዘችኝ» ቢሉ ይበቃ ነበር። ለምን አላሉኝም አልኳቸው።

«በሞተ ሰው ላይ ይላከካል?» አሉኝ።

አለቀስኩ። እንደ አገራችን ወግ፣ ወለሉ ላይ፣ ድምፅ አውጥቼ። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ እናቴ ሞተች አልኳት። አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። አባባ ድምፅዋን ሰምተው «ሰው መጣልሽ?» አሉ። አዎ ስላቸው ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍሱ ሰማሁ። መሐላቸው ያን ጊዜ ነው የወረደላቸው።

ስንጨርስ ያችን የበሩን ግጥም ራሳቸው አወረዱልኝ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ግን ያው ነው። ተቀበልኳቸው። ዘግይቼ ነው የተቀበልኳቸው፣ ግማሽ ሰከንድ፤ እሳቸው ግን ጠበቁኝ።

በሰኔ እመጣለሁ፤ ለእማዬ መታሰቢያ እደርሳለሁ። ለእትዬ ፅዮን በሶውን አይላኩት፤ እዚያው እበላዋለሁ ይበሉልኝ።

እስከዚያ ድረስ የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር፣ ሸዋረግ ከገበያ ገብታለች ይበሉ።

የወንድምዎ ልጅ
ሸዋረግ አስፋው